መጀመሪያ ጣቴ ያንብብ

በርጩማዋን ሳቢ፣ ወደ ደጁ ብርሃን፣
ከወንዙ ነፋስ ጋር እንየው ራስሽን።
ነገ አረፋ ነው፣ አውቃለሁ፣ ቸኩለሻል፤
ከኋላሽም ገና ሰባት ሰው ተሰልፏል።
ዛጎሉ በእጅሽ፣ ክሩም በከረጢት፣
«ጥብቅ አርጊው ንጎኔ፣ ወር ይቆይ» አልሽኝ በጠዋት።

ቆይ እስቲ።
ማበጠሪያው ይረፍ፣ ክሩም አይፈታ፤
መጀመሪያ ጣቴ ያንብብ፣ ቀስ ብሎ በተርታ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሴን ሉዊ ከወንዙ ዳር፣
ስንቱን ራስ አየሁት ከጣቴ ሲማከር።
ፊት ይዋሻል ልጄ፣ ኩል ያግዘዋል፤
የራስ ቆዳ ግን ምስጢር መያዝ የት ያውቃል!

ዓሣ ሻጯ ዲዬናባ፣ ከትከሻዋ ላይ
ነጭ ብናኝ ሲረግፍ እንደ ዱቄት ሲታይ፣
«የዓሣ ቅርፊት ነው» ትልና ትስቃለች፤
ጥቁር ቀሚሷን ግን ሳጥን ቆልፋበታለች።
በየማታው ዘይት፣ በዘይት ላይ ቅባት፣
«ደርቆብኝ ነው» ብላ ስታፈስበት።
ፎረፎር ነው አልኳት፤ ዘይት ነው ድግሱ፤
በልቶ ጠጥቶማ መች ይሄዳል እሱ!
ከፋርማሲው ሻምፖ፣ ለፎረፎር ያለው፣
በጥፍር ሳትቧጭሪ በጣት ጫፍ አዳርሺው፤
አረፋው ይቆይ፣ አምስት ደቂቃ ያህል፤
(የነገውን አይደል፣ የሳሙናውን ነው የምል!)

የጀልባ ቀቢው ልጅ፣ ትንሹ ጎርጊ ደግሞ፣
ሳንቲም የሚያህል ክብ ከአናቱ ላይ ታትሞ፣
አክስቱ በኮምጣጤ፣ አጎቱ በነጭ ጋዝ
ሲያሹት ቢከርሙም ጭርቱ መች ሊያዝ!
የራስ ጭርት እኮ ከፀጉር ሥር ይተኛል፤
ላይ ላዩን ብትቀቢው ከታች ሆኖ ይስቃል።
ሐኪም ያዘዘለት የሚዋጥ ክኒን ነው
ሳምንታት ተቆጥሮ ከሥር የነቀለው።
ማበጠሪያ ቀቀልን፣ ኮፍያውን አጠብን፣
ሁለት እህቶቹም ታዩ፤ አንዷ ላይ አገኘን።

አንቺ ግን...
ምንድን ነው ይሄ፣ ከጆሮሽ በላይ፣ ከግንባርሽ ጫፍ?
ትንንሽ እብጠት፣ እንደ ማሽላ ፍሬ በመስመር ሲሰለፍ።
ሲነካ ያምማል? አዎ፣ ዓይንሽ ነገረኝ፤
ፀጉርሽ እዚህ ስስ ነው፣ የሕፃን መሰለኝ።
«ሹሩባ ያማል» አሉሽ፣ «ውበት አለው ዋጋ»፤
እኔም ብያቸዋለሁ፣ ሕፃናት ሲያለቅሱ እስኪነጋ።
አሁን አልልም።
እዚህ ጋ አልጎትትም። ተነሺ ካልሽ ተነሺ፤
ከማዶ ኡሌይ አለች፣ አጥብቃ ትሥራሽ፤ ክርሽን አንሺ።

ግን ከመሄድሽ በፊት
ሻሼን ልፍታልሽ፣ ማንም ያላየውን፣
ባሌ እንኳ ሳያየው ያረጀሁበትን።
አየሽ? ከጆሮ እስከ ግንባር፣ ልሙጥ፣ እንደ ታጠበ ሰሃን።
እናቴ ጎበዝ ነበረች፤ አታላላም ነበር እጇን።
ስድስት ዓመቴ ነበር። በፍቅር ነው የሳበችው፤
ሥሩ ግን ፍቅር አያውቅም፤ ደክሞት ነው የሞተው።
የቆዳ ሐኪሟ በመብራት አየችኝ፤
«አላልተሽው ቢሆን በጊዜ» ነው ያለችኝ።
ያንቺ ግን ገና ነው። ሥሩ አለ፣ ይተነፍሳል፤
ወራት ከታገሥሽው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

ተቀመጥሽ? እሺ።
አራት ወፍራም ጉንጉን፣ ላላ ያለ፣ ያለ ክር ክብደት፤
ዛጎሉን አንገትሽ ላይ እሠሪው፤ እዚያ የለም ሥር የሚሞት።
በየሳምንቱ እጠቢው፣ አሸዋ ይዟል ነፋሱ፤
ጉንጉን ተሠራ ተብሎ አይጦምም ራሱ።
እብጠቱ መግል ከያዘ፣ ሰኞ ወደ ክሊኒክ ሂጂ፤
እኔ ጣት ነኝ ያለኝ፣ ሐኪም አይደለሁም እንጂ።

ግማሽ ሂሳብ ክፈይ።
ኧረ ሻሼን ተዪው፣ አታቀብዪኝ፤ ይቆይ።
ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤
ይሄ የወንዝ ነፋስ ራሴን ሲነካው
እንዲህ መቀዝቀዙን ዛሬ ነው ያወቅሁት።
ማነሽ ባለተራ? ግቢ፤ ደጁን ተዪው ክፍት።